ግራ ብቻ የምታውቅ ፍየል

«አባዬ፣ ትልቁ ጎማ የት ሄደ?»

ዊንታ ይህን ያለችው የጋራዡ በር ላይ ቆማ፣ የአንድ እግር ጫማዋን እንኳ ገና ሳታስር ነው። አባቷ በየነ ከትንሿ የውድድር መኪናዋ፣ ከካርቷ አጠገብ ተንበርክኮ የመጨረሻውን ብሎን እያጠበቀ ነበር። የታክሲ ሥራ ሸሚዙን አላወለቀም። ከኤርፖርት ተመልሶ በቀጥታ እዚህ እንደገባ ያስታውቃል። ቀና ብሎ ሲያያት ፊቱ በድካም አብጧል፤ ዓይኖቹ ግን ስጦታ እንደያዘ ልጅ ያበራሉ።

«ሰርፕራይዝ!» አለ መፍቻውን ከፍ አድርጎ። «የኋላ ጎማዎችሽ እኩል አልነበሩም እኮ! አንዱ ሌላውን በአንድ ኢንች ይበልጠዋል። ዓመቱን ሙሉ በዚህ ነው የነዳሽው? እግዚአብሔር ነው ያተረፈሽ። ከአሮጌዎቹ መሃል እኩያውን ፈልጌ ገጠምኩልሽ።»

ዊንታ ቀስ ብላ ቀረበች።

ካርቷ ጣሪያም በርም የላትም። ከመሬት አራት ጣት ያህል ከፍ ያለ የብረት አጽም፣ አንድ መቀመጫ፣ ከሣር ማጨጃ ሞተር ብዙም የማይበልጥ ሞተር፣ አራት ድቡልቡል ጎማ፤ ሌላ ነገር የላትም። የምትወዳደረው አስፋልት ላይ ሳይሆን እንደ እንቁላል በሞላለ የአፈር ሜዳ ላይ ነው። እዚያ ደግሞ ሁሉም የሚዞረው ወደ ግራ ነው። ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው ግራ፣ ግራ፣ ግራ። ስለዚህ ካርቷ ሆን ተብላ ጠማማ ሆና የተሠራች ናት። የቀኝ የኋላ ጎማዋ ከግራው ይተልቃል። የፊት ጎማዎቿ ዘመም ይላሉ። ዊንታ ቀላል ስለሆነች፣ የጎደለውን ክብደት እንዲሞላ የሚታሰረው ጥፍጥፍ የእርሳስ ብረትም ያለው ከመቀመጫው በግራ በኩል ነው።

የአክስቷ ልጅ ማቲዎስ «ፍየሏ» ብሎ ስም ያወጣላት በዚህ የተነሳ ነበር። «በመጨረሻው ቀን በጎች በቀኝ፣ ፍየሎች በግራ ይቆማሉ አይደል? የዚችማ ቦታ የታወቀ ነው» ብሎ። በየነ ይህን ስም አይወደውም።

አሁን ግን ፍየሏ በግ ሆናለች። የኋላ ጎማዎቿ እኩል ናቸው። የፊቶቹ እንደ ዘብ ወታደር ቀጥ ብለው ቆመዋል። እርሳሱም ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በቀኝ፣ ግማሹ በግራ ታስሯል። አባቷ ይህም አልበቃው ብሎ ጋራዡን በሳሙና አጥቦታል። ዊንታ ወለሉ ላይ በጠመኔ የጻፈቻቸው ልኮች በሙሉ ከውሃው ጋር ወርደዋል።

ካርቷን የሰጧት ጎረቤታቸው፣ ሽማግሌው ሚስተር ዴል ነበሩ። ካሮልተን ከተማ ያለ ቤታቸውን ሸጠው ሪቻርድሰን ከተማ የሚኖር ልጃቸው ዘንድ ሲገቡ ከጓሮ ጎትተው አወጧትና «ከተነሳችልሽ ያንቺ ናት» አሏት። ፍሬኗ ነክሶ ቀርቷል። ካርቡራቶሯ ውስጥ ሸረሪት ቤት ሠርታለች። ካቴናዋ በዝገት ደርቆ እንደ ዱላ ቀጥ ብሏል። ዊንታ ፈታች፣ አጠበች፣ ቀባች፣ ገጠመች፤ ያልሆነውን እንደገና ፈታች። ሞተሩ መጀመሪያ የተነሳ ዕለት እናቷ አስካለማርያም «ቤቱ ተቃጠለ!» ብላ ድስቱን በፎጣ እንደያዘች ወጥታ ነበር። ሚስተር ዴል ከመሄዳቸው በፊት አንድ ምክር ብቻ ሰጥተዋታል፦ «ይቺ ነገር ቀኝ አታውቅም። እንድታውቅም አታስገድጃት።» የቀረውን ዊንታ የተማረችው በመሸነፍ ነው። በየሳምንቱ አንድ ነገር ብቻ ትለውጥና፣ በእናቷ የልብስ ሜትር ለክታ፣ ምን እንደመጣ ታያለች። ባለፉት ውድድሮች ከመጨረሻ ወደ መሃል ወጥታለች።

ዛሬ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ነው። አባቷም ከወር በፊት እራት ላይ ቃሉን ሰጥቷል። «በዋናው ውድድር ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ ከገባሽ ለከርሞም ትነጃለሽ። ካልገባሽ ትሸጣለች፤ ጋራዡም ለእናትሽ መኪና ይሆናል።» የበየነ ቃል አንዴ ከወጣ ወደ ኋላ አይመለስም። ከባድ ቃል እንደሆነ እሱም ያውቀዋል፤ ለዚህ ይሆናል እንቅልፉን ትቶ ሊረዳት የመጣው። አዲስ አበባ ሳለ የአውቶቡስ ጋራዥ ሠራተኛ ነበር። ከበየነ እጅ የወጣ አውቶቡስ መሪውን ለቀውት እንኳ ወደ ጎን አይልም ይባልለት ነበር። ጠማማ ጎማ አይቶ ማለፍ አይችልም።

ዊንታ ጥፍሮቹን አየች። ሁሉም በግራሶ ጠቁረዋል።

«አመሰግናለሁ፣ አባዬ» አለች።

ውሸቷን ነበር።

ማቲዎስ ፒክአፑን አስጠግቶ ካርቷን ሲጭኑ አባቷ በሩ ላይ ቆመ። ዊንታ አንደኛ ክፍል ከገባችበት ጊዜ ጀምሮ ያለ አባቷ ምርቃት ከቤት ወጥታ አታውቅም። እሱ «በቀኝ ያውልሽ» ይላል፤ እሷ «አሜን» ትላለች። ወደ ውድድር ሜዳ ስትገባም፣ ሥራ ላይ ቢሆን እንኳ በስልክ፣ ይደግመዋል። ዛሬም እንደ ወትሮው አለ። እሷም «አሜን» አለች፤ ዓይኗን ግን ከእኩሎቹ ጎማዎች ላይ አላነሳችም። ማቲዎስ በዚያው ቅጽበት ከቆሻሻ በርሜሉ አጠገብ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ካነሳ በኋላ የፒክአፑን ሸራ ሲጎትት አየችው፤ ልብ ግን አላለችውም።

ሜዳው ከፎርት ዎርዝ ከተማ በስተደቡብ፣ በከብት እርሻዎች መሃል ነው። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ውሃ ሲያርከፈክፉበት እንደ ሳሙና ያሟልጫል፣ ጎማ ሲመላለስበት ደግሞ ጠጥሮ ያብረቀርቃል። አባቷ በታክሲው ተከትሏቸው መጣ፤ ብቻውንም አልነበረም። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ አብረውት የሚቀመጡትን ጋሽ ንዋይን ይዟቸው ነበር። ጋሽ ንዋይ የተወለወለ ጫማቸውን ጭቃው ላይ ሲያሳርፉ አንገታቸውን ነቀነቁ።

«በየነ፣ የልጅ ዝግጅት አለ ስትለኝ እኮ የትምህርት ቤት ምርቃት መስሎኝ ነው የለበስኩት።»

«ዝም ብለህ እይ» አለ አባቷ ደረቱን ነፍቶ። «እኔ ራሴ ነኝ ያቃናኋት። ዛሬ እንደ ጥይት ነው የምትሄደው።»

እውነቱን ነበር። በማጣሪያው ውድድር አረንጓዴው ባንዲራ ሲወርድ ፍየሏ እንደ ጥይት ተተኮሰች። ጥይት ደግሞ አይታጠፍም። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ዊንታ መሪውን ወደ ግራ አዞረች፤ የፊት ጎማዎቹም ዞሩ፤ ካርቷ ግን ቀጥ ብላ ወደ አጥሩ መንሸራተቷን ቀጠለች። ነዳጁን ለቀቀች፣ ፍሬን ያዘች፣ እንደምንም ከአጥሩ ተረፈች። እስክትስተካከል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ካርቶች በውስጥ በኩል ጭቃ እየረጩባት አለፉ። ቀጣዩ መታጠፊያ ላይም ያው ነው። ከቀጣዩም ቀጣይ ያው።

«በየነ» አሉ ጋሽ ንዋይ አጥሩን ተደግፈው፣ «ልጅህ ሜዳውን ትታ ኦክላሆማ ነው እንዴ የምትሄደው?»

መጨረሻ ሆና ወጣች። ሄልሜቷን ስታወልቅ ኮዲ አጠገቧ ደረሰ። ቀይ ሄልሜት ያለው፣ ከእሷ በአንድ ዓመት የሚበልጥ ልጅ ነው። አሸናፊ ሲሆን ደግሞ ዝም ማለት አይችልም። «ሄይ፣ ካርትሽ መታጠፍ አልተማረችም እንዴ?» ብሎ እየሳቀ አለፈ።

አባቷም መጣ። አልተቆጣም፤ የባሰውም ይህ ነው። ትከሻዋን ይዞ ለስለስ ባለ ድምፅ «አይዞሽ፣ እጅሽ ነው። መሪውን ዘግይተሽ ነው የምታዞሪው። መኪናዋ ደህና ናት፤ እኔ ነኝ ያየኋት» አለ። ወደ ጋሽ ንዋይም ዞሮ «ገና ልጅ ናት፤ ትለምደዋለች» አላቸው።

«እሺ» አለች ዊንታ። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ።

ሁለቱ ሰዎች የሚጠጣ ነገር ሊገዙ ሲሄዱ ማቲዎስ ፒክአፑ ላይ ዘሎ ተቀመጠ።

«ኦኬ፣ ሸራው ስር እዪ።»

ዊንታ ገለጥ አደረገችው። ትልቁ ጎማ ነው።

«ጠዋት ከቆሻሻው ውስጥ አወጣሁት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስሚ። ወረፋው ረጅም ነው። አሁኑኑ ቼንጅ እናደርገዋለን፣ ጭቃ እንቀባዋለን፣ ማንም አያውቅም። ጥሩ ከነዳሽ አባትሽ ‹የኔ እጅ ሥራ ነው› ብሎ ደስ ይለዋል። አንቺም ካርትሽን ታተርፊያለሽ። ማለቴ፣ ማን ይጎዳል?»

ዊንታ ጎማውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ማቲዎስ ልክ ነው፤ ማንም አይጎዳም። አባቷ ኤርፖርት ተራ ላይ ቁጭ ብሎ ወሩን ሙሉ ሲያወራው ይታያታል። ግን ከዚያስ? ለከርሞ ከመጀመሪያው ውድድር በፊት መፍቻውን ይዞ ይመጣል። ፍየሏን እንደገና በግ ያደርጋታል። እሷም ከኋላው እየተደበቀች ስትፈታ፣ ፊት ለፊቱ «አመሰግናለሁ» ስትል ትኖራለች። ያ ነክሶ የቀረ ፍሬን ሲላቀቅ የቆረጠው የእሷን ጣት ነበር። ጠባሳው አሁንም አለ።

«አይሆንም» አለች።

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«የራሴን ካርት እንደ ሌባ ተደብቄ ልፍታ?»

«ፋራ አትሁኚ ባክሽ! ጋሽ ንዋይ ፊት ልታዋርጂው ነው?»

«ጠዋት እንዳላዋርደው ብዬ ዝም አልኩ፤ ያው ሁለታችንም ተዋረድን። ክሪኩን አምጣው። ግን አትንካት። ሲመጣ ነው የምንጀምረው።»

በየነ በአንድ እጁ የለስላሳ ጣሳ፣ በሌላው የወረቀት ኩባያ ቡና ይዞ መጣ። ጋሽ ንዋይ ስለተገዛላቸው ቡና እያመሰገኑ ከኋላው ይከተላሉ። ክሪኩንና መሬት ላይ የተጋደመውን ጎማ ሲያይ ቆመ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«አባዬ፣ ጎማውን ልቀይረው ነው።»

«የቱን?»

«አንተ የገጠምከውን።» ዊንታ ቁመቷን አረዘመች። «ተሳስተሃል፣ አባዬ።»

በእነሱ ቤት «ተሳስተሃል» ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ቃል ነው። ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ተሰምቶ አያውቅም። ጋሽ ንዋይ በድንገት ሰማዩን ማየት ጀመሩ። ዝናብ ግን አልነበረም።

«ምን አልሽ?»

«ተሳስተሃል አልኩ። ጠዋት መንገር ነበረብኝ። አመሰግናለሁ ያልኩህም ውሸቴን ነው።»

የአባቷ አንገት ደም ሥር ተገተረ። «አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ጎማ ሳቃና የኖርኩ ሰው ነኝ! አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ጎማ ምን ይባላል? ጠማማ! ጠማማ ነገር ደግሞ ይቃናል እንጂ ልጅ ተቀምጦበት አይነዳም!»

«ጣሳውንና ኩባያውን ስጠኝ።»

ያልጠበቀው ነገር ስለሆነ ሰጣት። ዊንታ ቡናውን መሬት ላይ ደፋችው።

«ኧረ ቡናዬን!» አሉ ጋሽ ንዋይ።

የፒክአፑን የኋላ መዝጊያ ዘርግታ መጀመሪያ ጣሳውን አስተኝታ በጣቷ ገፋ አደረገችው። ጣሳው ቀጥ ብሎ ተንከባለለና ጫፉ ላይ ሲደርስ ማቲዎስ ያዘው። ቀጥላ ኩባያውን፣ ሰፊውን አፉን በቀኝ፣ ጠባቡን ቂጡን በግራ አድርጋ አስተኛችና ገፋችው። ኩባያው ወደፊት ሊሄድ ሲል ሐሳቡን እንደለወጠ ሰው ወደ ግራ ዞረ፤ ክብ ሠርቶም ወደ እጇ ተመለሰ።

«የኋላ ጎማዎቹ በአንድ ብረት የታሰሩ ናቸው» አለች። «አንዱ ፈጥኖ ሌላው ዘግይቶ መዞር አይችልም። እኩል ከሆኑ ጣሳ ናቸው። የቀኙ ሲተልቅ ነው ኩባያ የሚሆኑት። እዚህ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነገር የሚሄደው ወደ አጥሩ ነው። አየኸኝ እኮ።»

በየነ ኩባያውን አየ።

«ኩባያ መኪና አይደለም» አለ።

«ፍየሏም አውቶቡስ አይደለችም።»

ማቲዎስ የጫማውን ክር የሚያስር መስሎ ጎንበስ አለ። ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«በይ የራስሽ ጉዳይ ነው!» አለ አባቷ። «እኔ እጄ የለበትም። ቃሌ ግን ያው ቃሌ ነው። ከአምስቱ ውስጥ ካልገባሽ ትሸጣለች። በኋላ በጎማ ማሳበብ የለም።»

«አላሳብብም።»

ኩባያውን ከእጇ ነጠቀና ወደ አጥሩ ሄደ። ጀርባውን ሰጣት። ጋሽ ንዋይ ብቻቸውን ቀርተው ወዴት እንደሚቆሙ ግራ ስለገባቸው፣ እጃቸውን ሥራ ለማስያዝ ያህል ጣሳውን ተቀብለው ከፈቱት። ሲንከባለል የቆየው ለስላሳ ፈልቶ ሸሚዛቸውን አጠበው።

«ይሄውልህ» አሉ ለማቲዎስ፣ «ቀጥ ያለ ነገር ለካ እውነትም አይበጅም።»

ዊንታ አልሳቀችም። ተንበርክካ ክሪኩን አስገባች፣ ካርቷን አነሳች፣ ብሎኖቹን ፈታች። የጠመኔው ልክ የለም፤ የልብስ ሜትሩ ግን አንገቷ ላይ ነው። ትልቁን ጎማ ገጥማ ዙሪያውን ለካች፤ የግራውንም ለካች። ልዩነቱ ትንሽ ጎደለ፤ ከግራው ጎማ ትንፋሽ ያህል አየር አወጣችለትና እንደገና ለካች። የፊት ጎማዎቹን መዳፏን አስደግፋ፣ እጇ በሚያስታውሰው መጠን ዘመም አደረገቻቸው። የእርሳሱን ግማሽ ከቀኝ ፈትታ ወደ ግራ መለሰች። ማቲዎስ ብሎን ብቻ ያቀብላታል። ሁሉንም የሠራችው ሜዳው እያያት፣ አባቷ ዞር ቢል በሚያይበት ቦታ ላይ ነው። ዞር ይበል አይበል አላየችም። አላየችም ማለት ግን አላሰበችም ማለት አይደለም።

ኮዲ ቤንዚን ይዞ ሲያልፍ ቆም አለ። «መታጠፍ እያስተማርሻት ነው?»

«አንተን ለማለፍ የሚበቃትን ያህል» አለች ቀና ሳትል።

ድምፅ ማጉያው የዋናውን ውድድር ተወዳዳሪዎች ጠራ። ማቲዎስ የሞተሩን ገመድ ሳበው፤ ፍየሏ አጓራች። ዊንታ ሄልሜቷን አጥልቃ ከሰልፉ መጨረሻ ገባች። በማጣሪያው መጨረሻ የወጣ ከመጨረሻ ነው የሚነሳው። ከአምስቱ ውስጥ ለመግባት ከፊቷ ካሉት ብዙዎቹን ማለፍ አለባት።

ሜዳው መግቢያ ላይ አባቷ ቆሟል። ጀርባውን አልሰጣትም፤ ፊቱንም አልሰጣትም። ባዶው ኩባያ አሁንም እጁ ላይ ነው። የኩባያው አፍ ላይ አዲስ ጭቃ አለ፤ መሬት ላይ ሲንከባለል እንደነበረ ሁሉ።

ዊንታ ፍሬን ያዘች።

ከፊቷ የነበሩት ገብተው አለቁ። ባለ ባንዲራው ሰውዬ «ሙቭ! ሙቭ!» እያለ እጁን አወናጨፈባት። አልተንቀሳቀሰችም። ይሸጣት፣ አይሽጣት፣ ያኩርፍ፣ አያኩርፍ፤ ያለ ምርቃት ግን ገብታ አታውቅም፤ ዛሬም አትገባም።

በየነ ጎማውን አየ። ዘመም ያሉትን የፊት ጎማዎች አየ። ልጁን አየ።

«በቀ…» ብሎ ጀመረና ቃሉን ዋጠው። ከዚያ ከሞተሩ ጩኸት በላይ ጮኸ።

«በግራ ያውልሽ!»

«በስመ አብ!» አሉ ጋሽ ንዋይ አማትበው። «በየነ፣ ልጅ እንዲህ ይረገማል?»

የአባቷ ፊት አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ቁጣ ይሁን ቀልድ፣ እርግማን ይሁን ምርቃት፣ ዊንታ ሄልሜት ውስጥ ሆና መለየት አልቻለችም። ለመጠየቅም ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ ራሷ ወሰነች።

«አሜን!» አለች ጮክ ብላ። የሄልሜቷን መስታወት ዘጋች፤ ፍሬኑንም ለቀቀች።